ቅዳሜ የማን ናት

ነገረኛ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝ። ዕድሜ ልኳን ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት ጡረታ ወጥታ እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ያ ሁሉ አፍ የት ይገባል? ያን ቅዳሜ ጠዋት ፌርማታ ላይ ቆሜ በሰው ጠብ ውስጥ ጥልቅ ያልኩትም በዚሁ አመሌ ነው።

ሽንኩርትና ሳሙና የያዘ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ አንድ ሰውዬና አንዲት ልጅ ከሚኒባሱ ረዳት ጋር ይከራከራሉ። ሰውየው ስልሳን የተሻገረ፣ ቀጠን ያለ፣ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ ነው፤ በትከሻው የሚታጠፍ መሰላል አንግቷል። ልጅቷ የመሰናዶ ተማሪ ትመስላለች። በጀርባዋ ትልቅ የጨርቅ ከረጢት አዝላለች፤ በብብቷ ደግሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ይዛለች። በሁለቱ መካከል ረጅም የመጋረጃ ብረት አለ፤ አንዱን ጫፍ አባት፣ ሌላውን ጫፍ ልጅ ይዘውታል።

«አባባ፣ መሰላሉን ከኋላ አስገባዋለሁ። ይሄ ብረት ግን ከገባ ወይ ሹፌሩን ይወጋል ወይ መስኮቱን ይሰብራል» አለ ረዳቱ።

«ለብረቱም እንከፍላለን።»

«ቢከፍሉስ? ብረቱ ጉልበቱን አጥፎ አይቀመጥ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም፤ «እግር አለን» ብሎ ብረቱን ወደ ትከሻው ከፍ አደረገና መንገድ ጀመረ። ልጅቷም ከኋላ ተከተለች። መንገዳቸው በእኔ ቤት በኩል ነበር፤ ሚኒባሱን ትቼ አብሬያቸው ማዝገም ጀመርኩ። ለጤናዬ ብዬ ነው ብል ማን ያምነኛል?

አንድ ብረት የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው መጣላት አይችሉም። የፊተኛው ለመንገዱ ይናገራል፣ የኋለኛዋ ለጀርባው ትመልሳለች።

«አባዬ፣ እባክህ» አለች ልጅቷ። «ዛሬ ከምሳ በፊት ካልደረስኩ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። የሚጠባበቅ ብዙ ልጅ አለ።»

«ይስጡታ። ለሌላው ልጅም ይድረሰው። አንቺ ቦታ አለሽ።»

«የት?»

«የብረቱ ጫፍ ላይ።»

እዚህ ላይ መቻል አቃተኝ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ የሰው ነገር ሰምቼ ነው፣ የምን ቦታ ነው የሚወሰድባት?» አልኩ።

ሰውየው ሳይቆም አንገቱን ብቻ ዘወር አድርጎ አየኝ። ሌላ ቢሆን «አርፈሽ ሂጂ» ይለኝ ነበር። እሱ ግን አሳዳጊ ያሳደገው ሰው ነውና «ምንም አይደል እሜቴ፣ የቤት ነገር ነው» አለኝ። ያኔ ዝናቡ ወረደ። እንዲያ ያለ ዝናብ ሲመጣ ሰው ለራሱ ይሮጣል፤ እነሱ ግን የጨርቁን ከረጢት ለመሸፈን ተሯሯጡ። የሰው መጋረጃ ነው፣ ከራሰ ይሸበሸባል። የእኔ በር ሁለት እርምጃ ቀርቶት ነበርና «ግቡ፣ ግቡ፣ ነገሩን እዚያ ትጨርሱታላችሁ» ብዬ ከነብረታቸው አስገባኋቸው።

ሻይ ጣድኩ። ሰውየው ኮቱን ሳያወልቅ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ብርድ ልብስ የለበሰውን ነገር ግድግዳ አስደግፋ ጎኑ ቆመች። ሻዩን ሳቀርብላት «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እማማ ማለቷን በሆዴ ያዝኩባት፤ ሰፈሩ እንኳ እስከ ዛሬ ቲቸር ነው የሚለኝ።

«አሁን ንገሩኝ» አልኩ። «ዝናቡ እንደሆነ አይቸኩልም።»

«መጋረጃ ሰፊ ነኝ» አለ ሰውየው። «እናቷ ሱቅ ሆና ትሰፋለች፣ እኔና ይቺ ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤቱ እየዞርን እንሰቅላለን። ቅዳሜ ነው ሰው ቤቱ የሚገኘው። አሁን ትምህርት ቤቷ አንድ ነገር አመጣባት። የቅዳሜ ሥልጠና ይሉታል። መሪነትና ፈጠራ። አምስት ቀን የተማሩት አነሰና ስድስተኛውን ጨመሩ። እኔ የምለው እሜቴ፣ ሁሉም መሪ ከሆነ ተመሪው ማን ሊሆን ነው?»

«ጥያቄው ጥሩ ነው» አልኩት። «ልጅቷ ትመልሰው።»

ልጅቷ አባቷን አየች። እሱ ሻዩን ነው የሚያየው።

«ሁላችንም ነን ተመሪው» አለች። «ከተለያየ ትምህርት ቤት የመጣን ልጆች አምስት አምስት ሆነን እንቀመጣለን። መሪው በየሳምንቱ ይቀየራል። አንድ ሳምንት ትመራለህ፣ ሌላውን ሳምንት ትታዘዛለህ። መሪ የሆነው ደግሞ ሐሳቡን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው።»

«መጨረሻ ላይ?» አለ አባት፣ አሁን ቀና ብሎ።

«አዎ። መጀመሪያ ከተናገረ ሌሎቹ እሱ ያለውን ይደግማሉ። መጀመሪያ የሁሉንም መስማት አለበት።»

«ይሄ ደግ ነው» አለ ሰውየው፤ ወዲያው ግን የተማረከ እንዳይመስልበት ጨመረ፦ «ታዲያ ይሄን እኔ ቤት በነፃ ትማረው የለም? በእኛ ቤት እኔ ምንጊዜም መጨረሻ ነኝ የምናገረው፤ እናቷ እስክትጨርስ።»

ልጅቷ ሳትወድ ፈገግ አለች። ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሲከራከር ደስ ይለኛል፤ ተማሪ ቤት ያለቀሱብኝ ሁሉ ጨዋታ የማያውቁት ናቸው።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ጠዋት ገብቼ እጠይቃለሁ፤ መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጆቹ ያውቃሉ፣ መጽሐፉም ያውቀዋል። ማንም የማያውቀውን ነገር ጠይቀን አናውቅም። ስንቱ ጎበዝ ልጅ ከእጄ ወጥቶ ዓለም መጽሐፉ ላይ የሌለ ጥያቄ ስትጠይቀው ደርቆ ቀረ። እንዲህ ያለ ቅዳሜ በኔ ጊዜ በነበረ እያልኩ የማልቆጭበት ቀን የለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ሰውም ሳይሾም በፊት መሪነትን ቢማር ምን ይጎዳል?»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ተብሎም ተነግሯል» አለኝ። «ፈጠራ ይሉታል። ከልጅ የሚጠበቀው የተፈጠረውን በወጉ መያዝ ነው። መጋረጃ መስቀልን ያየ ሰው ይሄ ቀላል ነው ይላል። እሜቴ፣ መሰላል ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚያይ ያውቃሉ?»

«ምን ያያል?»

«ግድግዳ። አፍንጫው ከግድግዳው ጋር ነው። በእጁ የያዘውን ጫፍ ብቻ ነው የሚያየው። ብረቱ ቀጥ ይበል ይጥመም አያውቅም።»

«ውሃ ልክ አለ አይደል?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ቤቱ ራሱ ከጠመመ ውሃ ልክ ምን ያደርጋል? ጣሪያው ወደ ግራ ያዘነበለ ቤት ውስጥ በውሃ ልክ ቢሰቅሉ፣ ባለቤቲቱ ገብታ ‹ጠሟል› ነው የምትለው። እውነቷን ነው፤ ለዓይን ጠሟል። ስለዚህ አንድ ሰው በር ላይ መቆም አለበት። ከሩቅ ያያል። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ በቃ ይላል። ይቺ ልጅ ወንበር ላይ ቆማ መዝጊያ የማትደርስ ሆና ነው ይሄን ሥራ የጀመረችው። በቃ ካለች በቃ ነው። አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

ይሄን ሲል ድምፁ ሌላ ሆነ። ልጅቷም መሬት መሬት አየች። የሆነ ነገር በመካከላቸው እንዳለ ገባኝ፤ ዓይኔ ወደ ተጠቀለለው ነገር ሄደ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ተይው» አለ አባት፣ ለልጁ።

«እኔ ነኝ የጠየቅኩት» አልኩ። በገዛ ቤቴ ደግሞ ማን ይከለክለኛል?

ልጅቷ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ከአሮጌ ቁም ሳጥን የወጣ መስታወት ነው፤ ሁለት የሚታጠፉ እግሮች ተገጥመውለታል፣ ከጀርባው ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘነብል ማጠፊያ አለው። ወስዳ በሩ ጋ አቆመችውና ወደ መስኮቴ አዞረችው። ከዚያ የአባቷን መሰላል ዘርግታ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይቁሙ፤ መውጣት አያስፈልግም» አለችኝ። ከመስኮቱ ስር ቆምኩና አንገቴን ወደ ኋላ አዞርኩ። መስኮቴ ከነመጋረጃው ከነጣሪያው ሙሉ በሙሉ መስታወቱ ውስጥ ታየኝ፤ በር ላይ እንደቆምኩ ያህል።

«መጀመሪያ የተሰጠን ሥራ ነው» አለች። «አባዬ ጉንፋን ይዞት ሱቅ በተዘጋ ጊዜ ሁለት ቅዳሜ ሄጄ ነበር። አቅራቢያችሁ ያለ ሰው የሚቸገርበትን አንድ ነገር ፈልጉና መፍትሔ ሥሩ አሉን። ሌሎቹ ልጆች ትልልቅ ነገር አሰቡ። እኔ መሰላል ላይ ያለው አባቴ ነው የታየኝ። ሰው ባያገኝ እንኳ ብቻውን መስቀል ይችላል ብዬ ሠራሁለት። ሐሙስ ማታ ሰጠሁት።»

«እና?»

አባት መለሰ። «እናማ ገባኝ። ዓይኗን ሰጥታኝ ልትሄድ ነው። ሰው ሲለቅ ምትኩን ትቶ ይሄዳል፤ ወግ ነው። ልጄ ምትኳን ሠርታ አመጣችልኝ።» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ታላቅ ወንድሟም በር ላይ ይቆምልኝ ነበር። እሱም የጀመረው በቅዳሜ ነው፤ የኮምፒውተር ትምህርት ብሎ። ከዚያ እሑድ ተጨመረ። ከዚያ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ። አሁን ይደውላል፤ ‹አባዬ ሰላም ነህ? በኋላ እደውልልሃለሁ› ይላል። ያ በኋላ መጥቶ አያውቅም። ቅዳሜ ሲደርስ ከሱ ጋር የሰቀልናቸው መስኮቶች ባሉበት መንገድ አላልፍም፤ ዞሬ ነው የምሄደው። አንዱ ሄደ፤ ይቺም በዚሁ በር ልትወጣ ነው።»

እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነበር። ሰው የሚከራከርበት ነገርና ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር አንድ አይደሉም። ስለ መሪነትና ስለ ፈጠራ ሲሟገተን የቆየውን ሰው ናፍቆት ነው የሚያናግረው። እኔ ግን አስተማሪ ነኝና ናፍቆቱን ትቼ ክርክሩን ያዝኩ፤ ምላሴ ከልቤ ይቀድማል። ልጅ በግድ እንደማይያዝ፣ የያዙት እንደሚያመልጥ፣ የለቀቁት እንደሚመለስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያህል ንግግር አደረግኩለት።

ሰውየው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ዓይኑ ግን መስኮቴ ላይ ነበር። ስጨርስ ከወንበሩ ተነሳና «እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄን ብረት ማን ሰቀለው?» አለኝ። «ከገባሁ ጀምሮ ልቤን እያሳከከኝ ነው። ግራው በጣም ወርዷል። ሁለት ብሎን ነው፣ ሻይ ስላጠጡኝ በነፃ አስተካክልልዎታለሁ።» መሰላሉ እንደሆነ ተዘርግቷል፤ መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ አንድ እግሩን አነሳ።

«እንዳይነኩት» አልኩ።

ድምፄ እንዲያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ሰውየው እግሩን መለሰ።

«አባዬ፣ ውረድ» አለች ልጅቷ፣ ገና ሳይወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ የሰቀለው ሰው ማን ነው?»

ልብ በሉ፤ አባቷም የጠየቀኝ ይሄንኑ ነበር። እሱ ግን የጠየቀው ለመንቀል ነው፤ እሷ ለመስማት። መልሴን እየጠበቀች ዝም አለች። ብዙ ሰው ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት አይችልም፤ እኔ ራሴ አልችልም።

«ባለቤቴ ነው» አልኳት። «ነፍሱን ይማረውና፣ እጁ ለሥራ አልተፈጠረም ነበር። ሠራተኛ አልጠራም ብሎ ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ ሲታገል ዋለ። እኔ እዚያ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ‹እሺ፣ ተስተካከለ?› አለኝ። እንደዛሬው ጠሞ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ልጅ የወለደ ነው የሚመስለው። ‹ተስተካክሏል፣ ውረድ› አልኩት። እስኪሞት ድረስ እንግዳ ሲመጣ ‹እኔ ነኝ የሰቀልኩት› ይል ነበር።»

ልጅቷ ብረቱን ቀና ብላ አየችው።

«እና ቀጥ እንዲል ይፈልጋሉ?» አለች ልጅቷ።

«አልፈልግም።»

«እንግዲያው አይነካም» አለች፤ መሰላሉንም አጠፈችው።

ሰውየው ልጁን አያት። ከዚያ እኔን አየኝና፣ ጨዋ ነው ብያለሁ፣ ግን ተከራካሪም ነው፤ «እሜቴ» አለኝ፣ «እርስዎ ጠማማ ብረት ለትዝታ ያስቀምጣሉ። እኔ ቀጥ ያለች ልጄን አጠገቤ ላስቀምጥ ብል ምነው ይህን ያህል ወቀሱኝ?»

መያዜን አወቅኩ። የተናገርኩት ሁሉ በራሴ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ነበር። ትንሽ አሰብኩና ያለኝን መለስኩ፦

«ብረቱ አያድግም፤ ልጅቷ ታድጋለች። እኔ ያስቀረሁት የሞተ ሰው ሥራ ነው። እርስዎ ሊያስቀሩ ያሰቡት በሕይወት ያለችውን ነው። ናፍቆትዎን አልነቅፍም፤ እኔም በየቀኑ እናፍቃለሁ። ግን ባሌን ብመልሰው ኖሮ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም ነበር፤ የሚሄድበት ቦታ ልኬ፣ ሲመለስ በር ላይ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ ነበር የምለው።»

ልጅቷ መሰላሉን አስደግፋ ከአባቷ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ብረት በመካከላቸው ሳይኖር ተያዩ።

«አባዬ፣ አጥፍቻለሁ» አለች። «ያስተማሩን የመጀመሪያው ነገር ለሰው የምትሠሩለትን ነገር ከመሥራታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት የሚል ነው። ሌሎቹ ልጆች የማያውቁትን ሰው ነው የመረጡት፣ ስለዚህ ጠየቁ። እኔ አንተን የማውቅህ መስሎኝ ሳልጠይቅህ ሠራሁት። አስተማሪያችን ‹ባለችግሩ ምን አለ?› ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ መልሱን ይዘሽ ነይ ተብያለሁ። ወንድሜን የወሰደው ቅዳሜ አይደለም። እሱ መሄድ እንደፈለገ አልነገረህም፣ አንተም አትሂድ ብለህ አልነገርከውም። ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ነው የተለያያችሁት። እኔ ዝም ብዬ መሄድ አልፈልግም፤ ዝም ብዬ መቅረትም አልፈልግም። አሁን ልጠይቅህ። መሰላል ላይ ሆነህ የሚቸግርህ ምንድን ነው?»

ሰውየው መስታወቱን አየ፤ መስኮቱን አየ።

«መስታወቱ ጥሩ ነው» አለ። «አልዋሽም። ሐሙስ ሌሊቱን ሳስበው ነበር፤ የተሠራው በወግ ነው። ማጠፊያውን እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የማደርገው።»

«እሺ። ታዲያ ምኑ ነው ያልሆነው?»

«መስታወት ያያል እንጂ አይናገርም» አለ። «እኔ ማየቱ አይደለም የሚቸግረኝ። ሳምንቱን ሙሉ አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ፣ እኔ ሱቅ ነኝ፤ ማታ ስትመጪ ትምህርትሽ ላይ ነሽ። ቅዳሜ መሰላል ላይ ስወጣ ከጀርባዬ ‹ከፍ አባዬ፣ ትንሽ ዝቅ፣ በቃ› ስትዪ እሰማለሁ። ለእኔ ቅዳሜ እሱ ነው። ብረቱማ ጠመመ አልጠመመ የሰው ቤት ነው።»

ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ሻይ ልጨምር ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ሻይ ግን አልጨመርኩም።

ስመለስ ሰውየው ቆሞ መስታወቱን በብርድ ልብሱ እየጠቀለለ ነው። «በይ ተነሽ» ይላታል። «ምሳ ሳይደርስ ድረሽ። ባለችግሩ ምን አለ ካሉሽ ያልኩሽን ንገሪያቸው፤ መስታወት አይናገርም አለ በያቸው። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።»

«ብረቱስ? የደንበኛው ቤትስ?»

«እኔና መስታወቱ እንሞክራለን። ቢጠምም ‹ልጄ የሠራችው ነው፣ እሷን ጠይቋት› እላለሁ።» ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ፦ «ሲያልቅ ወዴት ነው የምትመጪ?»

«አንተ ወደምትሰቅልበት ቤት» አለች። «ከሰዓት ነፃ ነኝ። የዋልኩበትን ሁሉ እነግርሃለሁ።»

በዝናብ ውስጥ ሮጣ ወጣች። ዣንጥላዬን ከኋላ አቀበልኳት፤ ለማመስገን ዞር ስትል እንኳ እማማ ነው ያለችኝ። ብረቱን ደግሞ ማን ይያዝ? የፊቱን አባት፣ የኋላውን እኔ ይዘን፣ ዝናቡ ሲያባራ እስከ ደንበኛው ቤት አደረስነው። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እያየን ይስቅ ነበር። እኔም ለጀርባው ብዙ ነገር ተናገርኩት።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅ ያለህ እንደሆነ ይሄን ከእኔ ስማ። እንዲህ ያለው ቅዳሜ ልጅን ከቤት የሚያስኮበልል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያችን ልጅ በዓይኔ ስከታተላት ከርሜያለሁ። የገዛ አባቷን እንኳ ሳትጠይቅ መስታወት የሠራችው ልጅ አሁን የማታውቀውን ሰው ሰላም ብላ ምን እንደሚቸግረው ትጠይቃለች፤ ጠይቃም ዝም ትላለች። የሠራችው ሲበላሽ አታለቅስም፣ ትፈታዋለች። ተራዋ ሲደርስ ትመራለች፣ ተራዋ ሲያልፍ ለሌላው ትታዘዛለች፤ ይሄን ሁለተኛውን የማይችል ስንት ትልቅ ሰው አውቃለሁ። ለአባቷም ደርሶታል። ወንድሟ ጋ እንዲደውል ያደረገችው እሷ ናት፤ «ደህና ነህ ወይ አትበለው፣ ናፍቀኸኛል በለው» አለችው። አለው። ልጁ ስልኩን ሳይዘጋ ብዙ ቆየ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ራሱ ደወለ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰውየው ጎረቤቴ ቤት ሊሰቅል መጥቶ ነበር። ያው እኔ ልየው ብዬ ሄድኩ። መስታወቱን በሩ ጋ አቁሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ እያዞረ፣ ብቻውን ሰቀለው። ቀጥ ያለ ነበር፤ ባለቤቲቱም «ልክ ነው» አለች። ብሎኑን አጥብቆ ከመሰላሉ ሊወርድ ሲል ልጅቷ ከሥልጠናዋ እየሮጠች መጣች፤ ቦርሳዋ እንኳ በትከሻዋ ነው።

ሰውየው ወደ በሩ አየ። ከዚያ መፍቻውን ከኪሱ መልሶ አወጣና ያጠበቀውን ብሎን አላላ።

«ደህና መጣሽ» አለ። «ነይ እስቲ እይልኝ፣ ግራው የወረደ መሰለኝ።»

አልወረደም። እኔ አይቻለሁ፣ ባለቤቲቱ አይታለች። ልጅቷም አየች፤ ያቺ ተሳስታ የማታውቅ ልጅ አላየችም አልልም። መስታወቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ከፍ አባዬ» አለች።

ሰውየው ምንም ሳይነካ «አሁንስ?» አለ።

«ትንሽ ዝቅ።»

«አሁንስ?»

«በቃ።»

ብሎኑን አጠበቀና ወረደ። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሳሎን ስገባ ብረቴ እንደ ወትሮው ወደ ግራ ወርዶ ጠበቀኝ። በሩ ጋ፣ ያኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ።

«ተስተካክሏል» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «በቃ፣ ውረድ።»